ነጥብ ላነሰው ተማሪ ኮሌጅ ስለ መፈለግ

በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ሰሞን በከተማችን የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በዚህ ነጥብ የሚቀበል ኮሌጅ የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ተማሪው ራሱ ሲጠይቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ አባት ሲጠይቅ በቍጣ ነው፤ እናት ስትጠይቅ ግን የቤቷን ገንዘብ በልቧ እየቈጠረች ነው። ጠያቂዎቹ ሁሉ ነገሩን ወደሚያውቀው መሥሪያ ቤት ቢሄዱ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ዘመድ፣ አንዳንዶቹም ወደ ንስሐ አባታቸውና ወደ ደብራቸው መምህር ይሄዳሉ። ስለዚህ በዕድሜዬ ሙሉ ነጥብ የሚባል ነገር በወረቀት ተጽፎልኝ የማያውቅ እኔ የቅኔ ቤት ልጅ፥ ስለ ነጥብ መካሪ ሆኜ መቀመጤን ሳስበው አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን ያስቀኛል። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነገሩን ተከታትዬ፥ መመሪያውን አስነብቤም አንብቤም፥ ከልጆቹ ጋራ በየኮሌጁ ደጅ ቆሜ ያገኘሁትን ለአንባቢዎች ባቀርበው ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

አስቀድሞ የነገሩ መጠን ይታወቅ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወረቀቱ እየተሰረቀ ብዙ ጊዜ ሲበላሽ ኖሮ፥ በ2008 ዓ.ም. ሊጀመር በታሰበበት ቀን በመላው አገር እስኪሰረዝ ድረስ ደርሶ ነበር። በኋላም የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስደው፥ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱ በታወቀ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ቍጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በዚህ በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተማሪዎች ከ90 የሚበልጡት ከበሩ ውጭ ቀርተዋል።

ይህ ሁሉ ልጅ በስንፍና ብቻ ወደቀ የሚል ሰው ቢኖር እኔ አልቀበለውም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1 ሺህ 300 ይበልጡ ነበር። በጉባኤ መካከል ለአንድ ተማሪ ትምህርቱ ባይገባው ተማሪው ይገሠጻል፤ ጉባኤው በሙሉ ካልገባው ግን ወደ መምህሩና ወደ ቤቱ መመልከት ይገባል። መጽሐፍ ለአራት አንድ እየደረሰው፥ የፊዚክስ መምህር ሳይመደብለት፥ ቤተ ሙከራው ተቈልፎ ያለፈበት የገጠር ልጅ ያመጣው 30 እና፥ በከተማ መካከል አስጠኚ ተቀጥሮለት የተማረ ልጅ ያመጣው 30 በወረቀት ላይ አንድ ቍጥር ይሆናሉ። ወረቀቱ ይህን ልዩነት አይናገርም፤ የኮሌጁ ጸሐፊም አይጠይቅም።

እኔ ያደግሁበት ቤት ሥርዓቱ ሌላ ነበር። በ1970ዎቹ ከጎጃም መንደሬ ተነሥቼ ቅኔ ፍለጋ ስወጣ በእጄ የነበረው ዳዊት፣ አኮፋዳና ደበሎ ብቻ ነበር። ከየኔታ ፊት በደረስሁ ጊዜ ወረቀት አምጣ ያለኝ የለም። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነበር፤ አገርህ ወዴት ነው፤ ዳዊት ደግመሃል ወይ፤ ውሻ ትፈራለህ ወይ። ሦስተኛውን ጥያቄ ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ቈጥሬው ነበር፤ ነገር ግን በማግሥቱ ለቍራሽ ልመና መንደር ስንወጣ፥ ከሦስቱ ሁሉ ጥብቁ ፈተና እርሱ መሆኑን እግሬ አወቀው። የመግቢያው ሥርዓት በዚህ አለቀ። ጎጆ መሥሪያ ቦታ ተመራሁ፤ በማታውም ከጀማሪዎች ጋራ ግሥ ልወርድ ተቀመጥሁ።

የመውጫው ሥርዓት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ተማሪው ቀን በየዛፉ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ሲመሽ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ቤት ካልመታ፥ አገባቡ ከተሳተ፥ ምሥጢሩ ከላላ ይመለሳል። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ሳይቃና ወደ ዘአምላኪየ መሻገር የለም፤ ሥላሴ ሳይሰላም ስምንት ቤት ያለውን መወድስ መመኘት ያስቅ ነበር። በአንድ ጎጆ አብሮኝ ያደረ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ በጉባኤ ቃና ላይ ቆሞ ቀረ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሁሉ አልፈውት ሄዱ። የኔታ አንድ ቀን እንኳ «አንተ ለዚህ አልተፈጠርህም፤ ወደ አገርህ ሂድ» አላሉትም፤ አንድ ቀንም «ደክሞሃልና ይበቃል፤ እለፍ» አላሉትም። በሦስተኛው ዓመት ነገሩ እንደ ደራሽ ውሃ መጣለት። በኋላ አስነጋሪ ሆኖ ከእኔ ታናናሾች ብዙዎቹን ያቀናው እርሱ ነው። ቅኔ ለመዝረፍ ፈጣን የነበረ ሌላው ጓደኛችን ግን ሳያስመሰክር ወጥቶ በንግድ ከበረ፤ እርሱንም አልነቅፈውም።

ያን ቤት እንደ ገነት አድርጌ ላወራ አልፈልግም። ረኃብ ነበረ፤ ቅማልና ተስቦ ነበረ፤ አንዳንዱ ልጅ ወደ እናቱ ሳይመለስ በዚያው ተቀብሯል። በሩ ክፍት ነበር ስንልም ለወንዶች ማለታችን ነው። ሴት ልጅ ወደዚያ ቤት የምትገባው አባቷ መምህር ሲሆን ነበር፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚህ መንገድ ከአባታቸው ተምረው፥ ዓይነ ሥውር ሆነው ሳለ በጎጃም የቅኔ መምህር ለመሆን በቁ። በዘመኑ ሥርዓት የመግቢያ ወረቀት ቢጠየቁ ኖሮ ምን ይዘው ይቀርቡ ነበር?

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። የኔታ ከእኛ ከተማሪዎቹ የሚያገኙት ገንዘብ አልነበረም። መቶ ብንሆን ሁለት መቶ ኪሳቸው አንድ ነው፤ እንዲያውም በበዛን ቍጥር ድካማቸው ይበዛ ነበር። ስለዚህ ማንንም ሲቀበሉ ስለ ጥቅም አልነበረም፤ ማንንም ሲያቆዩ ስለ ጥቅም አልነበረም። ለሁሉ የሚከፈተውን የኮሌጅ በር ስንመዝን ይህን መጠየቅ አለብን፤ በረኛው ከሚገባው ሰው ምን ያገኛል፤ የሚወጣውንስ ማን ይመዝነዋል?

እንግዲህ ወደ ዛሬው በሮች እንመለስ። ግማሹን ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች መንግሥት የከፈተው ተቀዳሚው በር ሪሜዲያል የሚሉት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ነው። በ2015 ዓ.ም. ተጀመረ። ከግማሽ በታች ያመጡት ሁሉ አይገቡበትም፤ በየዓመቱ ነጥብ ይቈረጥለታል፤ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆችና ጦርነት ላገኛቸው ደግሞ ነጥቡ ዝቅ ይላል። የገባው ተማሪ ወራት ይማራል፤ ከመቶው 30 የሚሆነውን ዩኒቨርሲቲው ይመዝናል፤ 70 የሚሆነው ግን ሚኒስቴሩ ለሁሉ በአንድነት በሚያወጣው ፈተና ነው። ከሁለቱ 50 የደረሰ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይሆናል። ይህን ሥርዓት የሚያሙት ሰዎች አሉ፤ ለወደቀ ልጅ ሁለተኛ ድግስ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ከጉባኤ ቃና ላይ ቆሞ ከቀረው ጓደኛዬ ሥርዓት ጋራ ይመሳሰልብኛል፤ ገብቶ ይማራል፤ ሳይመዘን ግን አያልፍም። የምነቅፈው አንድ ነገር ቢኖር ጥቂት ወራት መሆኑን ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ያልተሞላ ጕድጓድ በአንድ መንፈቅ ይሙላ ማለት ከባድ ነው።

ሁለተኛው በር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ይህ በር ሰፊ ነው፤ ክፍያውም በመንግሥቱ ኮሌጅ ጥቂት ነው፤ ተማሪው በየደረጃው እየሠለጠነ ሲጨርስ ካሠለጠነው ቤት ውጭ ባለ የብቃት ምዘና ይፈተናል። እውነቱን ለመናገር ይህ አሠራር ከሁሉ ይልቅ ደስ ይለኛል፤ ያስተማረው ሌላ፥ የመሰከረው ሌላ ነውና። ነገር ግን የከተማችን ሰው ይህን በር እንደ ውርደት ያየዋል። አናጺውን፣ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን ስም እያወጣ ሲያዋርድ የኖረ ሕዝብ ነን፤ ያ አመል ዛሬ የአባትና የእናት ፊት ሆኖ ልጁን ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው በር እንደ ገና መፈተን ነው፤ በግል ተመዝግቦ። ስለዚህ ብዙ የምለው የለኝም፤ ዓመቱን በእውነት ለሚያጠና መልካም ነው፤ በቤት ተቀምጦ ለሚጠብቅ ግን ዓመቱ ይባክናል።

አራተኛው የግል ኮሌጅ ነው፤ ጥያቄውም ሁሉ የሚነሣው ስለዚህ ነው። ከግል ኮሌጆች መካከል የተመሰገኑ አሉ፤ ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ ለሚማር ሰው መንግሥት ያልሠራለትን የሠሩለት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ለዲግሪ የተቈረጠው የመግቢያ ነጥብ ለግሉም ቤት እንደ መንግሥቱ ይሠራል፤ ግማሹን ነጥብ ወይም የአቅም ማሻሻያውን ማለፍ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለውን ልጅ «ና፥ ዲግሪ አስተምርሃለሁ» የሚለው ኮሌጅ የሚሰጠው ወረቀት በኋላ ማስረጃ በሚጣራበት ቦታ ላይ ይወድቃል፤ የሚወድቀው ደግሞ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፥ አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ የመውጫ ፈተና አለበት። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ፥ ከግሎቹ ያለፉት ከመቶ 17 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን ቍጥር ሳነብ ያሰብሁት የተማሪዎቹን ድካም አልነበረም፤ ለአራት ዓመት በየወሩ የከፈሉትን እናቶች ነው።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዲግሪ ፈቃድ ሲሰጥ ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ ለአንዱ የትምህርት ዓይነት፣ በአንዱ ግቢ፣ በአንዱ የማስተማሪያ መንገድ ይሰጣል። በአንድ ከተማ ለሒሳብ አያያዝ የተፈቀደለት ቤት በሌላ ከተማ ነርስ አስተምራለሁ ቢል ያ ፈቃድ አይከተለውም፤ በመደበኛ የተፈቀደለትም በርቀት ቢያስተምር እንዲሁ ነው። ፈቃዱም ዘመን አለው፤ ያልቃል። በ2017 ዓ.ም. የግል ተቋማት እንደ ገና እንዲመዘገቡ በታዘዙ ጊዜ ሳይመዘገቡ የቀሩት ብዙ ናቸው።

ይህን የጻፍሁት በመመሪያ ላይ ካነበብሁት ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቱ ነጥብ ለአቅም ማሻሻያው ከተቈረጠው በጥቂት ያነሰ ነበር። እናትየዋ «መሪጌታ፥ ዕቁቤ ወጥቶልኛል፤ ለአንድ ዓመት ክፍያ ይበቃል፤ የሚቀበላትም ኮሌጅ አግኝተናል፤ እርስዎ ብቻ አብረውን ሄደው ይዩልን» አለችኝ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ነበር። ነርስ መሆን እንደምትወድ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

ኮሌጁ በሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፥ ከሥሩ የጫማ መደብር ያለበት ነው። መዝጋቢው ትሑት ወጣት ነው፤ «አባቴ፥ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ነጥቧ ስጠይቀው «ነጥብ አያሳስብዎ፤ መጀመሪያ ትመዝገብ፤ የቀረውን እኛ እናስተካክላለን» አለኝ። አንባቢዎች ይፍረዱኝ፤ በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ዝም ብሎ አያልፍም። «እናስተካክላለን» የሚለው ቃል ሰሙ ቸርነት ነው፤ ወርቁን ለማግኘት ግን ብዙ መቈፈር አላስፈለገኝም። «ልጄ፥ የቀረው ምንድን ነው? በምንስ ይስተካከላል?» ብለው ፈገግ ብሎ ዝም አለ።

በግድግዳው ላይ በመስተዋት ውስጥ የተሰቀለ የፈቃድ ወረቀት ነበረ። ብራና ሲያገላብጥ ለኖረ ዓይን የኮምፒውተር ጽሕፈት አያስቸግርምና ተነሥቼ ቆሜ አነበብሁት። ፈቃዱ ለሒሳብ አያያዝ ነበር፤ ግቢውም በከተማው ሌላ ጫፍ ያለ ሌላ ግቢ ነበር፤ ዘመኑም ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። ወጣቱን «የነርሱስ የት ተሰቅሎአል?» አልሁት። «በሂደት ላይ ነው» አለኝ። ይህን ቃል ደግሞ አልፈታውም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሁላችንም ሰምተነዋል። ወጣቱን አልተቈጣሁትም፤ እርሱም ምናልባት ደመወዙን የሚያገኘው በመዘገበው ልጅ ቍጥር ይሆናል። የኮሌጁንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ የዳኑ ይመስላቸዋልና።

ደረጃውን ስንወርድ እናትየዋ አለቀሰች። ለቅሶዋ በኮሌጁ ላይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በእኔ ላይ ኖሯል። «መሪጌታ፥ ሰው ሁሉ ልጁን እያስገባ የኔን ልጅ ከበር መለሱብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እርሷ የለመነችኝ በር ላስከፍትላት ነበር፤ እኔ ግን የተከፈተውን ዘጋሁባት። መልስ ለመስጠት ቃል አጥቼ ጥቂት ዝም ብለን ሄድን። ከመደብሩ ደጃፍ ስንደርስ ልጅቱ «እማዬ፥ እኔም ወረቀቱን አይቼው ነበር፤ ፈርቼ ነው» አለቻት።

ከዚያ በኋላ በመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ደጅ ሁለት ቀን ቆምን። የነርስ ሥልጠና ቦታው በዚያ ዓመት አልደረሳትም፤ የደረሳት የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። እናትየዋ «ልጄ ምሰሶ ላይ ልትወጣ?» ብላ ሦስት ቀን አልተናገረችኝም። ልጅቱ ግን ገባች፤ በማታ ደግሞ ለፈተናው በግል ተመዝግባ ታጠናለች። በየሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣች የተማረችውን ትነግረኛለች፤ ስለ ኮረንቲ ስትነግረኝ የሚገባኝ ጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን ያልገባትን ነገር «አልገባኝም» ብላ ከአሠልጣኟ ፊት ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ መመለሷን ስሰማ ደስ ይለኛል። በታኅሣሥ ወር የእናቷ የኤሌክትሪክ ምጣድ በጋለበት ቢጠፋ ፈትታ፥ የተቃጠለውን ሽቦ ለውጣ እንደ ገና አስጋገረችው። እናትየዋ ይህን የነገረችኝ እንደ ክስ አድርጋ ነው፤ «እጇን ልታቃጥል ነበር» ብላ።

የዕቁቡ ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተነካም። እናትየዋ ፈተናውን ስታልፍ ለዩኒቨርሲቲ መሄጃዋ አስቀምጬዋለሁ ትላለች፤ ልጅቱ ግን መሰርሰሪያና የኮረንቲ መለኪያ መግዣ ስጪኝ እያለች ትከራከራታለች። ሁለቱም እኔን ዳኛ አድርገውኛል፤ እኔም እስካሁን ፍርዱን አዘግይቼዋለሁ።